የሚወደድ ሌባ፦ ከዘጠኝ የአኒሜሽን ፊልሞች የትኛው ለየትኛው ልጅ?

ሌባ ጀግና የሆነበት የአኒሜሽን ፊልም ሁሉ ሌባውን ያስወድዳል፤ የተሠራው ለዚያ ነው። ስለዚህ «ይሄ ፊልም ሌብነትን ያሳምራል?» የሚለው ጥያቄ አንዱን ከሌላው ለመምረጥ አይጠቅምም፤ መልሱ ለሁሉም «አዎ፣ በመጠኑ» ነው። ልዩነታቸው የሚወጣው ሌላ ነገር ሲጠየቅ ነው፦ የተሰረቀው ሰው ፊት ይታያል? ዳቦው የጠፋበት ጋጋሪ፣ ቦርሳዋን ልትነጠቅ የነበረች አሮጊት፣ ያከማቸው ምግብ የተወሰደበት ድብ በፊልሙ ውስጥ ፊትና ድምፅ ካላቸው፣ ልጁ ከሌባው ጋር እየሳቀም ለእነሱ ያስባል። ባለንብረቱ ከሌለ ግን ሌብነቱ ሩጫና ዘፈን ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ሚዛን የሚቀመጡት ዘጠኝ ፊልሞች እነዚህ ናቸው፦ ሮቢን ሁድ (1973)፣ ካስል ኦፍ ካሊዮስትሮ (1979)፣ አላዲን (1992)፣ ኦቨር ዘ ሄጅ (2006)፣ ፋንታስቲክ ሚስተር ፎክስ (2009)፣ ታንግልድ (2010)፣ ዴስፒከብል ሚ (2010)፣ ዙቶፒያ (2016) እና ዘ ባድ ጋይስ (2022)። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከዚህ በታች መጨረሻቸውም ይነገራል፤ የሌባ ፊልም ፍርዱ ያለው መጨረሻው ላይ ስለሆነ እሱን ደብቆ ማወዳደር አይቻልም።

ከፊት ጥያቄው ሌላ ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ የሚሰርቀው ለምንድን ነው፦ ርቦት፣ ፍትሕ ፈልጎ፣ ለክብሩ ወይስ ለመዝናናት? ሁለተኛ፣ የተወሰደው ይመለሳል? ካልተመለሰስ ማን ይከፍላል? ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው፦ ሌብነቱን ብናወጣለት ከዚህ ሰው ላይ የሚወደድ ነገር ይቀራል? ከሮቢን ሁድ ድፍረትና ቸርነት ይቀራል። ከካሊዮስትሮው ሌባ ከሉፓን ላይ ግን ሌብነቱን ካወጡ ጥበቡም አብሮ ይሄዳል፤ ውበቱ ያለው እዚያ ነውና።

ፍቅሩ እንዴት እንደሚሠራ

ፊልም ሠሪዎቹ የሚጠቀሙባቸው ብልሃቶች ጥቂት ናቸው። አንዴ ከታወቁ በየፊልሙ ይታያሉ።

የመጀመሪያው ማሳደድ ነው። ሰው ከሚሸሽ ጋር ይሸሻል፤ በተለይ ሸሺው አንድ፣ አሳዳጆቹ ብዙ፣ ወፍራምና ደንባራ ሲሆኑ። አላዲን በዘፈን እየዘለለ ከጠባቂዎቹ ሲያመልጥ ተመልካቹ «ዳቦው የማን ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ የለውም። ሁለተኛው ወዲያው ተከትሎ የሚመጣ የደግነት ሥራ ነው፦ ከማሳደዱ በኋላ አላዲን ቆሻሻ ውስጥ ምግብ የሚፈልጉ ሁለት ሕፃናት አይቶ ዳቦውን ይሰጣቸዋል። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ እንባ። ቢገለበጥ ኖሮ ፊልሙ ስብከት ይመስል ነበር። ሦስተኛው ባለንብረቱን ማስጠላት ነው፦ ሮቢን የሚዘርፈው ልዑል ጆን አውራ ጣቱን የሚጠባ አንበሳ ነው።

አራተኛው መልክ ነው፤ በዚህ ረገድ የታንግልድ ሠሪዎች አልተደበቁም። የፍሊን ራይደርን ፊት ለመንደፍ የስቱዲዮውን ሴት ሠራተኞች ሰብስበው የመልከ መልካም ወንዶችን ፎቶ አስቀምጠው የትኛው ዓይን፣ የትኛው ፀጉር፣ የትኛው አገጭ ይሻላል ብለው አከራክረዋል። ቀልዱ ፊልሙ ውስጥም ገብቷል፦ ፍሊንን የሚያናድደው መታደኑ ሳይሆን በተለጠፈው ሥዕል ላይ አፍንጫው መበላሸቱ ነው።

ይህ ሁሉ ሁልጊዜ የተፈቀደ አልነበረም። በሆሊውድ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት የነበረውና በ1968 በዕድሜ ደረጃ ምደባ የተተካው የሄይስ ደንብ የተመልካች አዘኔታ ወደ ወንጀል ወገን እንዳይሄድ ይከለክል ነበር። ዋልት ዲዝኒም ስለ ሬይናርድ፣ ስለ አውሮፓ ተረቱ አጭበርባሪ ቀበሮ፣ ፊልም ለመሥራት ሐሳብ ቀርቦለት ጀግናው ወንበዴ መሆኑ አሳስቦታል፤ ፊልሙም ሳይሠራ ቀረ። ከዚያ ሐሳብ የተረፈው ቀበሮ ነው ሮቢን ሁድ ሆኖ የወጣው። ቀበሮው ያው ነው፤ የመስረቂያ ምክንያት ብቻ ተሰጠው።

የዳቦ ሌባና የግብር ሽፍታ

አላዲንና ሮቢን ሁድ ሁለቱም በአሜሪካ ምደባ ለሁሉም ዕድሜ የተፈቀዱ ናቸው፤ ርዝመታቸውም ይቀራረባል፦ አላዲን 90 ደቂቃ፣ ሮቢን 83። ብዙ ወላጅ አንድ ዓይነት አድርጎ ያያቸዋል፤ አይደሉም።

ሮቢን ሁድ ውስጥ ፊቱ የሚታየው የተዘረፈ ሰው ሮቢን የዘረፈው ሳይሆን ሕግ የዘረፈው ነው። ስኪፒ የሚባለው ትንሽ ጥንቸል ለልደቱ አንዲት ሳንቲም በስጦታ ያገኛል፤ ሸሪፉ መጥቶ በግብር ስም ይወስድበታል። እግሩ በጀሶ የታሰረውን አንጥረኛ ጀሶውን መትቶ ውስጡ የተደበቀውን ገንዘብ ያራግፋል። የቤተ ክርስቲያኑን ሙዳየ ምጽዋት እንኳ አይምርም። ልጅ እነዚህን ሲያይ ሌባው ማን እንደሆነ ይገባዋል። ሮቢን ለስኪፒ የራሱን ባርኔጣ፣ ቀስትና ፍላጻ ሲሰጠው ደግሞ መመለስ ምን እንደሚመስል ያያል።

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሮቢንና ትንሹ ጆን ጠንቋይ ሴቶች መስለው የልዑሉን ሰረገላ የሚዘርፉት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ቀለበቱን ከጣት፣ የወርቁን ቆብ ከሰረገላው ጎማ ያወልቃሉ። የስኪፒ ሳንቲም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ምክንያቱን ሳይሰማ ጨዋታውን ያያል፤ ሌላ ቀን ሲጫወትም የሚደግመው የሴት ልብስ ለብሶ ቀለበት መንጠቁን እንጂ ለስኪፒ መስጠቱን አይደለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመክፈትዎ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩት፦ «ይሄ አንበሳ የሰውን ሳንቲም ሁሉ እየወሰደ ነው፤ እንዴት እንደሚያስመልሱት እንይ።»

ከዝርፊያው በፊት ትንሹ ጆን «እኛ ጥሩዎች ነን መጥፎዎች?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሮቢን ደግሞ አንዘርፍም፣ ካላቸው ሰዎች ጥቂት እንበደራለን እንጂ ይለዋል። ፊልሙን አንዴ ብቻ ማቆም ካለብዎት እዚህ ጋ ያቁሙት። «ብድር ምንድን ነው? ተበዳሪ ምን ማድረግ አለበት?» ብለው ይጠይቁ። የሰባት ዓመት ልጅ ሮቢን ቃሉን ያለ ቦታው እንደተጠቀመበት ራሱ ይይዘዋል።

በአማርኛ ለሚተርክ ሰው አንድ ጥሩ መሣሪያ አለ። እንግሊዝኛው ሮቢንን ሌባ ማለት ይሁን ጀግና ሲጨነቅ፣ እኛ ዘንድ ለእንዲህ ያለው ሰው ሦስተኛ ስም ኖሯል፦ ሽፍታ። ሽፍታ ሁሉ ደግ አልነበረም፤ ግን በደል አስመርሮት ጫካ የገባ ሰው እና ከጎረቤት ጓሮ ዶሮ የሚሞጨልፍ ሰው በአንድ ቃል አይጠሩም። ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብሎ ከመንገሡ በፊት በቋራ ሸፍቶ ሳለ ከዘረፈው ለገበሬው ያካፍል እንደነበር ይተረካል። ከአያቶች ጋር የሚመለከት ቤተሰብ ካለ ይህን ጨዋታ ለእነሱ መተው ነው፤ ከማንኛውም መመሪያ የበለጠ ያወራሉ።

«የተሰረቀው ሰው ፊት ይታያል?» በሚለው ሚዛን አላዲን ደካማ ነው። የዳቦው ባለቤት ልጁ በሚያስታውሰው መልኩ የለም። ባለ ሱቅ ፊት የሚያገኘው የፖም ነጋዴው ነው፤ እሱም የሚታየው ሊቆርጥ ሲነሣ ነው፦ ልዕልት ጃስሚን ለተራበ ልጅ ፖም አንስታ ትሰጣለች፣ መክፈል እንዳለባት አላወቀችም፣ ነጋዴውም እጇን ይዞ ሰይፍ ያነሣል። ስለዚህ ልጁ ባለንብረትን የሚያውቀው በፍርሃት ነው። ነጋዴው ፖሙን ማጣቱ እውነት መሆኑ ከሰይፉ ጀርባ ይጠፋል።

ጠንካራ ጎኑ ምክንያትን ማወዳደሩ ነው። አላዲን ዳቦ ይሰርቃል፣ ርቦታል። ጃስሚን ፖም ትወስዳለች፣ ገንዘብን አታውቅም። ጦጣው አቡ በዋሻው ውስጥ ከመብራቱ በቀር ምንም እንዳይነካ ተነግሮት እያለ ዕንቁውን ያነሣል፣ አስጎምጅቶታል፤ ዋሻውም ይደረመሳል። ሦስት መውሰድ፣ ሦስት ምክንያት። ለአምስትና ስድስት ዓመት ልጅ «ከሦስቱ የትኛው ይከፋል?» የሚለው ጥያቄ ለብዙ ቀን ይበቃል። አላዲንን በመጨረሻ የሚያስከፍለው ግን ዳቦው አይደለም፤ ልዑል ነኝ ብሎ መዋሸቱ ነው። የዳቦው ጉዳይ ገበያው ላይ ቀርቷል።

በዓረብ አገር ለሚኖሩ ወይም ዓረብ ጎረቤት ላላቸው ቤተሰቦች አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የመክፈቻው ዘፈን ሰው ፊቱ ካላማረ ጆሮው የሚቆረጥበት አገር የሚል ስንኝ ነበረው፤ በአሜሪካ ዓረቦች ማኅበር ተቃውሞ በ1993 ለቤት በወጣው ቅጂ ላይ ተቀየረ። የገበያው ሰይፍ ግን እንዳለ ነው። «እዚያ አገር እጅ ይቆርጣሉ» የሚል ነገር ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ እንዳይኖር ከፊልሙ በኋላ ሁለት ቃል መናገር ይገባል።

የሚታረሙት፦ ታንግልድና ዘ ባድ ጋይስ

ሁለቱም 100 ደቂቃ ናቸው፤ ሁለቱም «ወላጅ ይመልከተው» የሚለውን የፒጂ ደረጃ የያዙ። ሁለቱም ሌባ ይታረማል ይላሉ። ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነው።

ፍሊን የጠፋችውን ልዕልት ዘውድ ይሰርቃል፣ አብረውት የሰረቁትን ይከዳል። የንጉሡና የንግሥቲቱ ፊት ግን ይታያል፤ ያለ ቃል፣ በልዕልቷ ልደት ፋኖሶች ወደ ሰማይ ከመለቀቃቸው በፊት ንጉሡ ያነባል። የሚያለቅሰው ለዘውዱ ሳይሆን ለልጁ ነው፤ በዚህም ፊልሙ ሁለት ሌባ ጎን ለጎን ያቆማል፦ ዘውድ የሰረቀ ወጣትና ሕፃን የሰረቀች ጎተል። ልጆች ይህን ሚዛን ሳይነገራቸው ያገኙታል። ደካማው ነገር፣ ፍሊን ዘውዱን ለባለቤቱ የመመለስ ሐሳብ ኖሮት አያውቅም፤ ለቀድሞ ግብረ አበሮቹ ሰጥቶ ሊገላገል ይሞክራል። ዘውዱ ባለቤቱ ራስ ላይ የሚያርፈው በታሪኩ ዕድል ነው። እሱ ግን ስቅላት ተፈርዶበት እስከ ማነቂያው ይወሰዳል፣ በኋላም በቢላ ይወጋል። የጎተል ድንገት ማርጀትና ከግንቡ መውደቅም ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከባድ ነው።

ዘ ባድ ጋይስ በዋጋ ጉዳይ ከዘጠኙ ሁሉ ይሻላል። ተኩላው የአሮጊት ቦርሳ ሊነጥቅ ሲል አሮጊቷ ከደረጃ ልትወድቅ ትደርሳለች፤ ያድናታል፣ ታመሰግነዋለች፣ ጅራቱም ሳያስበው ይወዛወዛል። ሙሉው ፊልም ከዚያች ፊት ይነሣል። መጨረሻ ላይ አምስቱም የዘራፊው ቡድን አባላት እጃቸውን ሰጥተው ይታሰራሉ፤ የሚወጡት ከዓመት በኋላ ነው። ይቅርታ መጠየቅና መታሰር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንዲህ በግልጽ የሚያሳይ የልጆች ፊልም ብዙ የለም።

ንቁ ልጅ ግን አንድ ቀዳዳ ያገኛል፦ «ገዥዋስ?» ገዥዋ ዳያን ራሷ ድሮ ተይዛ የማታውቅ ሌባ ነበረች። ልትናዘዝ አፏን ስትከፍት፣ የተሰረቀው አልማዝ ከፊልሙ ክፉ ከፕሮፌሰር ማርማሌድ ላይ ይወድቃል፤ የእሷም የድሮ ስም በእሱ ላይ ይለጠፋል። ማርማሌድ ክፉ ስለሆነ ሁሉም ይስቃል። ላልሠራው ወንጀል መከሰሱን ፊልሙ በቀልድ አልፎታል። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላለ ልጅ ከዚህ የተሻለ መወያያ አይገኝም። ሌላው ማስጠንቀቂያ፣ የፊልሙ እጅግ ቆንጆ ክፍል የመክፈቻው የባንክ ዘረፋና የመኪና ማሳደድ ነው፤ ልጅዎ መሐል ላይ እንቅልፍ የሚወስደው ዓይነት ከሆነ ያየው ዘረፋውን ብቻ ይሆናል። እንዲህ ላለው ልጅ ቀን ላይ ይክፈቱለት።

ማን ነው የሚከፍለው፦ ሚስተር ፎክስና ኦቨር ዘ ሄጅ

ኦቨር ዘ ሄጅ (83 ደቂቃ፣ ፒጂ) ለትናንሾቹ ይሁን፤ ሒሳቡ የሚቆጠር ስለሆነ። ራኩኑ አርጄይ የተኛ ድብ ዋሻ ገብቶ የተከማቸውን ምግብ ጠቅልሎ ይወጣል። ጥቂት ወስዶ መሄድ ይችል ነበር፤ ሁሉንም ወሰደ። ድቡ ይነቃል፣ ጋሪው ተንከባልሎ መንገድ ላይ ይደቅቃል፣ ድቡም በሳምንት ውስጥ ያው ምግብ፣ ያው ጋሪ እንዲመለስለት ይላል። ባለንብረቱ ፊት አለው፤ ፊት ብቻ ሳይሆን ቀነ ገደብም። ዋናው ሌብነት ግን ከዚያ ይቀጥላል፦ አርጄይ የጫካውን እንስሳት ለራሳቸው ክረምት የሚሰበስቡ አስመስሎ የእሱን ዕዳ ያስለቅማቸዋል። ልጆች ከድቡ ምግብ ይልቅ በዚህ ይናደዳሉ፤ ልክም ናቸው። ጉድለቱ ምግቡ የሚወሰድባቸው የሰፈሩ ሰዎች ከክፉዋ ግላዲስ በቀር ፊት የሌላቸው መሆኑ ነው።

ፋንታስቲክ ሚስተር ፎክስ (87 ደቂቃ፣ ፒጂ) ትንሽ ልጅ ፊት የሚከፈት አይደለም፤ ከዘጠኙ ግን ስለ ሌብነት ብዙ የሚያውቀው እሱ ነው። ቀበሮው አልራበውም። የጋዜጣ አምደኛ ነው፣ ቤት አለው፣ ወጥመድ ውስጥ በገቡበት ቀን እርጉዝ ለነበረችው ሚስቱ ሌብነት እንደሚያቆም ቃል ገብቷል። ከ12 የቀበሮ ዓመት በኋላ ሦስት የእርሻ ቦታ ፊት ለፊት ቤት ይገዛል፦ ቦጊስ ዶሮ፣ ባንስ ዳክዬና ዝይ፣ ቢን የቱርክ ዶሮና የፖም ጠጅ። «ለመጨረሻ ጊዜ» ብሎ ይጀምራል። አማርኛ ይህን በአራት ቃል ይለዋል፦ ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል።

የሦስቱ ገበሬዎች ፊት ይታያል፤ ተንኮለኛና አስቀያሚ ተደርጎ። ይህ የተለመደው ብልሃት ነው። ፊልሙ ብልሃቱን የሚያፈርሰው ሌላ ፊት በማሳየት ነው። ገበሬዎቹ ቀበሮውን ለመያዝ ኮረብታውን ሲቆፍሩት አይጠ መጎጥ፣ ፍልፈል፣ ጥንቸል፣ ምንም ያልሰረቀው ሁሉ ቤቱን ያጣል፤ ከመሬት በታች ይራባል። የወንድም ልጅ የሚሉት ክሪስቶፈርሰን ይማረካል። ሚስቱ ለምን እንደዋሻት ስትጠይቀው መልሱ የዱር እንስሳ ነኝ የሚል ነው፤ እሷ ደግሞ ባልና አባትም እንደሆነ ታስታውሰዋለች። ሳይርበው የሰረቀው ሌባ የከፈለው ጅራቱን ብቻ ነው፤ ቀሪውን የከፈለው ጎረቤት ነው።

መጨረሻው ያልታረመ ነው። እንስሳቱ የእነዚያው ገበሬዎች ንብረት የሆነ ሱፐርማርኬት ውስጥ በሌሊት ገብተው ይጨፍራሉ። ምንም አልተመለሰም። ለአሥር ዓመት ልጅ «ታዲያ ተማረ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ ክፍት ሆኖ መቅረቱ ጥሩ ነው፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ግን አይደለም። ዶሮ ሲነከስ ይታያል፣ ጠባቂው አይጥ ይሞታል፣ ሲጋራና መጠጥ አለ።

የቀሩት ሦስቱ

ዙቶፒያ (108 ደቂቃ፣ ፒጂ) ከሌባ ይልቅ አጭበርባሪ ያለበት ነው፤ ልዩነቱን ለማስረዳት የተመቸ። ቀበሮው ኒክ ትልቁን የበረዶ ከረሜላ በጥንቸሏ ፖሊስ በጁዲ ገንዘብ ያስገዛል፣ ጣራ ላይ ያቀልጠዋል፣ በቀዝቃዛው ሰፈር በእግር አሻራ ትናንሽ አድርጎ ያቀዘቅዘዋል፣ ለሌሚንጎቹ ይሸጣል፣ እንጨቱን ለቅሞ ለአይጦቹ የቤት መሥሪያ ብሎ ይሸጣል። ፈቃድ አለው። ከሕጉ ያፈነገጠው ግብር አለመክፈሉ ብቻ ነው። በፊት ሚዛናችን ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ የተሸወደችው ዋናዋ ባለታሪክ ናትና ውርደቷን ከእሷ ጋር እናየዋለን። ርዝመቱና በጨለማ ጫካ ድንገት የሚያሳድደው ጥቁር ጃጓር ለትናንሾች ይከብዳሉ።

ዴስፒከብል ሚ (95 ደቂቃ፣ ፒጂ) ስለ ሌብነት ብዙ አያስተምርም፤ አይጎዳምም። ሌባው ግሩ የሚመካበት የነጻነት ሐውልትና የኤፍል ማማ የላስ ቬጋስ ትንንሾቹ ናቸው። አሳንሶ የሚሰርቃት ጨረቃ ደግሞ የማንም አይደለችም፤ ስትመለስም ራሷ ተመልሳ ትልቃለች። እውነተኛው የተሰረቀ ነገር ሦስቱ ልጆች ናቸው፦ ለሌብነቱ መሣሪያ ብሎ በማደጎ ወሰዳቸው። በዳንስ ትርኢታቸው ቀን ባዶ ሆኖ የሚቀረው ወንበር የፊልሙ ምርጥ ምስል ነው።

ካስል ኦፍ ካሊዮስትሮ (100 ደቂቃ) የሀያኦ ሚያዛኪ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ነው፤ ጃፓናዊ። ሉፓን ከካዚኖ የዘረፈው ገንዘብ ሐሰተኛ መሆኑን አይቶ ከመኪናው ይበትነዋል። አይጸጸትም፣ አይታረምም። ግን ያዳናት ልዕልት ክላሪስ አብሬህ ልሂድ፣ ሌብነቱንም እማራለሁ ስትለው እንቢ ይላል፤ ለራሱ የመረጠውን ለእሷ አይመኝም። ከሐይቁ ሥር የሚገኘው ሀብትም ኪስ የሚገባ አይደለም። ጠመንጃና ሲጋራ ስላለው ከአሥር ዓመት በላይ ላለ ልጅ ይሁን።

ለየትኛው ቤት?

ልጅዎ በቅርቡ የሰው ነገር ኪሱ ከትቶ ከመጣ፣ አላዲንንና ሉፓንን ለጥቂት ሳምንት ያቆዩ። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ያለው የተረቱ ሌባ ዝምታን እንጂ ፊልም ማጣትን አልወቀሰም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃው ከልጁ ጋር ተወስዶ ለባለቤቱ ይመለስ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ኦቨር ዘ ሄጅ ይክፈቱ፣ ስለ እሱ ጉዳይ ምንም ሳይናገሩ። ፊልሙን ከመመለሱ በፊት ካሳዩት ቅጣት ይመስለዋል፤ ወይም ደግሞ ማየቱ ብቻ ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል።

ሌባ ቤት ገብቶባችሁ፣ ስልክ ወይም ቦርሳ ተነጥቃችሁ ከሆነ ደግሞ ልጁ ከተሰረቀው ወገን ነው ያለው። ለእሱ የመኪና ማሳደድ አያስቅም። ዙቶፒያ ይሻለዋል።

አራት ዓመትና አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ካሉ ሮቢን ሁድ። ለሴት ልጅና ለአክስት በአንድ ላይ ታንግልድ፤ ቢላው ሲመጣ ትንሿን እቅፍ ማድረግ ነው። ልጁ ከዘጠኝ በላይ ሆኖ «ሁሉም ፊልም አንድ ነው» ማለት ከጀመረ ሚስተር ፎክስ። አንድ ፊልም ብቻ ይመረጥ ከተባለ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ላለ ልጅ ዘ ባድ ጋይስ፤ ከዚያ በታች ላለ ኦቨር ዘ ሄጅ።

ሲያዩ የሚበላሸው

የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው ዣን ፒያዤ በ1932 ባሳተመው ሥራ ላይ ለልጆች ሁለት ታሪክ ነግሯል፦ አንዱ ልጅ ሳያውቅ በር ሲከፍት 15 ስኒ ይሰብራል፤ ሌላው እናቱ በሌለችበት ማርማላታ ሊወስድ ሲንጠላጠል አንድ ስኒ ይሰብራል። ትናንሾቹ ልጆች ጥፋተኛው 15 የሰበረው ነው ማለት ያዘወትራሉ። ስለዚህ ትንሽ ልጅ «ግሩ ከአላዲን ይከፋል፣ ጨረቃ ትበልጣለች» ቢልዎት አይደንግጡ፣ አያርሙት። የመጠን ሒሳብ እየሠራ ነው። «ለምን ወሰደ?» የሚለው ሒሳብ በጊዜው ይመጣል፤ እርስዎ ጥያቄውን ብቻ ይወርውሩ።

«ጥሩ ሰው ነው መጥፎ?» ብሎ መጠየቅ ዋነኛው ስሕተት ነው። ልጁ እርስዎ የሚፈልጉትን መልስ ያውቃል፤ በአንድ ቃል ይገላገልዎታል። ይልቅ «ዳቦ ጋጋሪው ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ምን ይላት ይሆን?» ይበሉት። ፊት የሌለውን ሰው ልጁ ራሱ ፊት ይሠራለታል። ከሁለት ጊዜ በላይ አያቁሙ፤ ዘፈን መሐል ጨርሶ አያቁሙ። በዘረፋው ጊዜ ከሁሉ በላይ ጮኾ የሳቀ አባት መጨረሻ ላይ ምክር ቢጀምር የሚሰማው የለም፤ ወሬውን ለነገ ቁርስ ያቆዩት።

ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ፊልሙን በእንግሊዝኛ አይተው ለአያት በአማርኛ እንዲተርኩ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ቃል መምረጥ ፍርድ መስጠት ስለሆነ። አርጄይ ሌባ ነው፣ ኒክ አጭበርባሪ፣ ሮቢን ሽፍታ፣ ዳቦ ይዞ የሚሮጠው አላዲን ምናልባት ምስኪን። አያት «ታዲያ ሌባ አይደለም እንዴ?» ብለው ሲያፋጥጡ ክርክሩ በራሱ ይነሣል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ሳይዘጋጁበት ይመጣል። ፊልሙ ከሰፈር ሱቅ በፍላሽ የተቀዳ ከሆነ የአሥር ዓመት ልጅ «ይሄንን ገዝተነው ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ በተለይ ከዘ ባድ ጋይስ በኋላ። «ሁሉም ያደርገዋል» አይበሉት፤ ሮቢን ሁድም «እንበደራለን» ነበር ያለው። ያለውን እውነት ይንገሩት፣ ቴሌቪዥኑንም ፊልሙ እንዳለቀ አይዝጉት። ከታች ወደ ላይ የሚንሸራተቱት ስሞች ብዙ ደቂቃ ይወስዳሉ፤ ፊት ባይኖራቸውም ስማቸው እዚያ አለ።